ሁሉ አማረሽ

ከአሥራ ስምንት ጀምራ ሁለት መቶ ድረስ
ሁሉን እችላለሁ የምትል አንድ ሌንስ፣
ሚሬያ ሰጠችኝ፣ ሦስት ቀን ልሞክራት፤
«ካልወደድካት» አለች፣ «ሳትጭራት መልሳት።»

ስሟን ሳላነበው ስም አወጣሁላት፤
«ሁሉ አማረሽ» አልኳት።
ገበያ አታውጧት ይባል የለም ወይ?
እኔ ግን አወጣኋት፣ ከዳገቱ ላይ
ቁልቁል ወደ ወደቡ፣ ዓሣ ወደሚሸጥበት፣
የቫልፓራይሶ ውሾች ከሰው ቀድመው ወረፋ ወደሚይዙበት።

ሠላሳ አራት ዓመት፣ አራት ሌንስ ተሸክሜ
ስወጣ ስወርድ አለቀ ጉልበቴ ከነአቅሜ።
ግራ ትከሻዬ ከቀኙ ወርዶ ቀርቷል፤
ልብስ ሰፊው ያውቃል፣ ኮቴን አጣሞ ሰፍቷል።
አንዱን ስፈታ፣ ሌላውን ስገጥም፣ ስንቱ አመለጠኝ፦
ፔሊካን ዓሣ ነጥቆ ሲበር፣ ሙሽራ ስታስነጥስ፣ መርከብ ሲሰናበተኝ።

በመጀመሪያው ቀን ከግንብ ፊት ቆምኩ፤
ባለ ሦስት እግሩን መቆሚያ ተከልኩ።
ቀይ ጡብ በቀይ ጡብ፣ መስመሩ የቀና፣
ለሌንስ ፈተና ከዚህ ወዲያ የለምና።
በአሥራ ስምንት ሳየው ግንቡ ሆዱ ተነፋ፤
በርሜል ሆኖ አረፈው፣ ቀጥ ያለው ጠፋ።
በሠላሳ አምስት ደግሞ ወደ ውስጥ ሰረገደ፣
ምሳውን እንደዘለለ ሰው ሆዱ ወረደ።
በሁለት መቶማ ጡቡ ሳሙና ነው፤
ጠርዙን ማን አጠበው?
ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ «መሐሏ ደኅና።
ጠርዟን አላገኘሁም። ነገ እፈልጋለሁ።»

በማግስቱ ገመድ ላይ ሸሚዝ አነሣሁ፣ ከሰማይ ጋራ፤
ነጩ ሸሚዝ ዳር ዳሩን ሐምራዊ አፈራ።
ሲመሻሽ ታወረች፣ ብርሃን ለመነች፤
ከአምስት ነጥብ ስድስት በላይ በሯን አልከፍት አለች።
አንገቴ ላይ ተንጠልጥላ ደረጃውን ስወርድ
ሳልነካት ረዘመች፣ ቁልቁል ስትወርድ፣ ስትወርድ፣
ልክ እንደ ሰፈራችን አሳንሰር፣ ዳገቱን በገመድ እንደሚንሸራተተው፤
እሱስ ቢሆን ሾፌር አለው።

በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ዝናብ አረገዘ፤
ግንቡን ልድገመው ብዬ ጣቴ ደነዘዘ።
ማታ ስክሪኑ ላይ አጉልቼ ሳየው፣
ጠርዟ ምን ያህል እንደሰነፈ ልለየው፣
ከላይ በግራ በኩል፣ ጡቡ በሚሟሟበት፣
መስኮት አለ። ለካ እዚያ መስኮት አለበት።
ዶሚቲላ ናት።
ባሏን ባሕር ከወሰደው ወዲህ መዝጊያዋ እንደተዘጋ ነበር፤
ዳቦ የምትስብበት ቅርጫት ብቻ ነበር የሚወጣ የሚገባው በገመዱ ጫፍ።
አሁን ግን ግማሽ አካሏ ውጭ ነው። ቅርጫቱ መሬት ወድቋል፤
አንድ ቡችላ ዳቦዋን ይዞ ይሮጣል፤
እሷም አፏን ከፍታ ትስቃለች።
ጥርሷን መቁጠር አይቻልም። ሳቅ መሆኑን ግን የሚስት የለም።
ሃምሳዬ ቢሆን ኖሮ፣ ስለታሟ፣ ታማኟ፣
ግንቡን ብቻ ነበር የምትሰጠኝ፣ ጡብ በጡብ፣ እስከ ሲሚንቶው ድረስ ለቅማ።

አሳተምኩት። ከበሯ ሥር አሾለክሁት።
ጠዋት ደጄን አንኳኳች፦ «ይህች ሴት ማን ናት?
ዓይኔ ነው የደከመው፣ ወይስ የአንተ ካሜራ?»
ፎቶውን ግን አልመለሰችም፤ ይዛው ሄደች፣ ከዳቦዋ ጋራ።

«እህስ?» አለች ሚሬያ፣ ክንዷን ደገፍ አድርጋ።
ቆጠርኩላት፦ ግንቡን፣ ሸሚዙን፣ ጨለማውን፣ ሌላም ሌላም፣ እስኪነጋ።
«ይህን ሁሉ ጉድ ይዛ ዋጋዋ ተወደደ»
እያልኩ ስከራከር፣ እጄ ሳላዘው ኪሴ ውስጥ ወረደ።
ከጠጉሯ ላስቲክ ፈታ መረቀችኝ፤
«ስትንሸራተት እሰራት» አለችኝ።